ቁልቁለት ያላየ መንጃ ፈቃድ

የመነሻው ጽሑፍ

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልናገረው። መኪናን በማርሽ መያዝ፣ ማለትም ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ ማድረግ፣ የማያውቅ ሰው የአባይን በረሃ መውረድ የለበትም። መንጃ ፈቃዱ ትናንት የታደሰ ይሁን፣ መኪናው ገና ከወንበሩ ላስቲክ ያልወጣ ይሁን፣ ለኔ ለውጥ የለውም።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት ስንማር የምንጨነቅባቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ወደ ኋላ መንዳት፣ ፓርኪንግ፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት። የመጨረሻው ላይ ስንቱ ላብ በላብ ሆኗል። ዳገቱን መውጣት ተማርን። መውረዱን ማን አስተማረን? አሰልጣኙ ቁልቁለት ሲያይ ፍሬን ያዝ ይላል፣ እንይዛለን፣ በቃ። ከተማ ውስጥ ይሠራል። ቁልቁለቱ ወዲያው ያልቃል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ ነው፣ ያውም በጥምዝምዝ መንገድ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ይሰነጠቃል፣ ያብጣል። ከፊት ጭነት ያጎበጠው ከባድ መኪና አለ። ከኋላ የቸኮለ ሚኒባስ አለ። እዚያ ላይ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የሚወርድ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑን ሊጨርስ ይችላል።

ዱሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። መኪናው ሁሉ ለማለት ይቻላል የእጅ ማርሽ ስለነበር ሹፌሩ ወደደም ጠላም ማርሽ ይነካል። አሁን አውቶማቲኩ በዛ። ጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪኩ መንገዱን እየሞላው ነው። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለእረፍት ባሕር ዳር በራሱ መኪና የሚሄደው ሰው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ትስማማላችሁ ወይስ አትስማሙም? ቁልቁለት መውረድን እናንተን ማን አስተማራችሁ?

ይህን ስለጥፍ መልሱ እንዲህ ይጎርፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁሉንም ማንበብ ለማትችሉ በራሴ አነጋገር ሰብስቤላችኋለሁ። ቁጥሩ እንደመጡበት ተራ ነው። መኪና ልሽጥልህ የሚሉትን ዘልያለሁ። ስድቡንም ቀንሼዋለሁ፣ ጨርሶ ግን አላጠፋሁትም።

1.
የመጀመሪያው መላሽ ደጀን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ጤና ይስጥልኝ ብሎ፣ ርዕሱን ስላነሳሁ አመስግኖ ጀመረ። ልጅ ሳለ የከባድ መኪና ረዳት የነበረ አጎት እንደነበረው፣ አንዳንዴ ከጭነቱ ላይ ጭኖ ይዞት ይወርድ እንደነበር ጻፈ። ድልድዩ አካባቢ ሲደርሱ ጎማቸው የሚጨስ መኪኖች ቆመው ያያል። ረዳቶቹ በጀሪካን ውሃ ይዘው ጎማው ላይ ይደፋሉ፣ እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ እስከ ዛሬ ካፍንጫው አልጠፋም። አጎቱ የነበረበት መኪና ግን ጨሶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከላይ ቆሞ ማርሹን ዝቅ ያደርግ ነበር። እስማማለሁ ብሎ ጨረሰ።

2.
ጎተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ከዚህ የመልስ ክር ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ቁጥር 1ን አረመ። በጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የሚሻለው ቆሞ በነፋስ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፣ ሰው ግን ትዕግሥት የለውም።

ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። አውቶማቲክ ማርሽ የለውም ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። አብዛኛው አውቶማቲክ መኪና ሁልጊዜ ከሚነዳበት ከዲ በታች ኤል ወይም 2 የሚል ምልክት አለው። አንዳንዱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለው። እነዚህ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። ቁልቁለት ላይ ወደዚያ ዝቅ ሲደረግ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ችግሩ ባለመኪናው ገዝቶ እስኪሸጠው ድረስ ከዲ ውጭ ነክቶ አለማወቁ ነው። እንዲያውም አንድ ደንበኛው ኤል ማለት ለሊት መንጃ ይመስለው እንደነበር አጫወተን። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሦስተኛው ነጥቡ ስለ ፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ፍሬኑ በጣም ሲግል ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም። ያኔ ነው ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ድረስ የሚሰምጠው። ሰዎች ፍሬን በጠሰ የሚሉት ብዙ ጊዜ ምንም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር ነው። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት፤ እሱ ጋ የሚመጣው ሰው ግን የሞተር ዘይት እንጂ የፍሬን ዘይት ቀይርልኝ ብሎ አያውቅም። ቢጎድል ይሞላል፣ ያ ነው።

3.
የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ነው፣ ትንሽ ጉራ አለው። እኛ የምንከራከረው ስለ ሙት ነገር እንደሆነ ነገረን። የሱ መኪና እግሩን ከመርገጫው ሲያነሳ ራሱን በራሱ ይይዛል፣ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፣ ቁልቁለቱ ባትሪውን ይሞላለታል። አባይ ድልድይ ሲደርስ ከጎሐ ጽዮን ከተነሳበት የበለጠ ባትሪ ይዞ እንደሚደርስ ተናገረ። ፍሬን የሚባለውን ከነመኖሩ ረስቶታል። እናንተ በናፍጣ ጭስ ታጠኑ ብሎ ተሰናበተ።

4.
ለቁጥር 3 የተሰጠ መልስ ነው፣ ቁጣ አለበት። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት የት ይገባል ብሎ ጠየቀው። የሞላ ጆግ ላይ ውሃ አይቀዳም። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ መኪናው በሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ያኔ የቀረህ ያው ከነመኖሩ የረሳኸው ፍሬን ነው አለው።

5.
ቁጥር 3 ተመለሰ። ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን 180 ኪሎ ሜትር እንደሚያልፍ፣ ያን ያህል ነድቶ ባትሪው ሙሉ የሆነ መኪና ካለ አሳዩኝ፣ እኔም ልግዛው አለ። አክሎም የነዳጅ ሞተር ከፍታ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ፐርሰንት ገደማ እንደሚያጣ፣ የሱ ግን አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦን እንደ ሜዳ እንደሚወጣው ጻፈ።

እዚህ ላይ ዳኛ ልሁንና፣ ስለ ጎሐ ጽዮን ቁጥር 3 እውነት አለው። ቁጥር 4 ያለው ነገር የሚያጋጥመው ሌላ ቦታ ነው። ቤቱ እንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ የሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ያድራል። ጠዋት ከግቢው ሲወጣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ መንገዱም ወዲያው ቁልቁል ነው። መኪናው እንደ ትናንቱ አልይዝ ሲለው የሚደነግጠው እሱ ነው። እንግዲህ እስከ አፉ ሳይሞሉ 90 ፐርሰንት ላይ ማቆም ነው። ሁለቱም ይህን ሳያነሱ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቁ።

6.
ኮሎራዶ የሚኖር ወገናችን ነው፣ ዴንቨር አካባቢ ከባድ መኪና ይነዳል። አይ 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ከተራራው ወደ ዴንቨር ሲወርድ ስለሚያየው ነገር ጻፈ። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ። ወራጁ ረጅም ነው። በየመንገዱ ለከባድ መኪና ሹፌሮች የተተከሉ ሰሌዳዎች አሉ፤ ቁልቁለቱ ያለቀ መስሏችሁ እንዳትታለሉ፣ ገና ነው የሚሉ። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጥልቅ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድም አለ። ፍሬን እምቢ ያለው መኪና እዚያ ይገባል፣ ጠጠሩ ጎማውን ውጦ ያቆመዋል። መኪናው ይጎዳል፣ ሰው ይተርፋል።

እዚያ ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው አሰልጣኙ የጠየቀው ነገር በስንተኛ ማርሽ ትወርዳለህ የሚል እንደነበረ ነገረን። አገር ቤት ሳለ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። አባይ በረሃና ጣርማ በር ላይ እንዲህ ያለ የጠጠር መንገድ መሥራት ምን ያህል ይከብድ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። እኔ ግን ከክሩ ሁሉ መንገድ ሠሪዎች ቢያነቡት የምመኘው ይህን ነው።

7.
አንድ አባት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው። በትሬንታ ኳትሮ ረዳትነት ጀምረው፣ 5ኛ መንጃ ፈቃድ ይዘው በፊያት ኤንትሬ እንደጨረሱ ተናገሩ፤ ሁለቱም የድሮ የጣልያን ከባድ መኪኖች ናቸው። የደሴንም የጎንደርንም መስመር ያውቁታል።

ስለ ጣርማ በር የጻፉትን ሳልተወው ላምጣው። ዋሻው ጣልያን የቆፈረው ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ብርዱም ልብሱም ይቀየራል። ጉሙ ሲወርድ የራስን ኮፈን ማየት አይቻልም። ረዳቱ ነጭ ነጠላ ትከሻው ላይ ጥሎ ከፊት በእግሩ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ነጠላውን እያየ በአንደኛ ማርሽ ይከተላል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ መታጠፊያው አንዴ አልበቃ ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ መታጠፍ ነበር። ረዳቱ ጎማ ሥር የሚገባውን ታኮ ይዞ ከጎማው ጋር ይሮጣል። ታኮው አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ገደል ነው።

ለጥያቄዬ የሰጡት መልስ ግን አጭር ነበር። አለቃቸው ያስተማሯቸው በወጡበት ማርሽ እንዲወርዱ ነው። በሁለተኛ የሚወጣ ዳገት በሁለተኛ ይወረዳል። ማርሹም የሚቀየረው ከላይ ነው። መሀል ላይ ደርሶ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ልቀንስ ማለት ማርሹ አልገባ ብሎ ዜሮ ላይ መቅረት ነው። እንዲህ የቀሩ ጓደኞቻቸውን ስም ሊዘረዝሩ ጀምረው ተዉት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም አባባ እያለ ነው የሚጠራቸው።

8.
አሁን ድምፁ ተቀየረ። የምትጽፈው ሴት ናት፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ትነዳለች። ርዕሴን ጠላችው። ማርሽ ማርሽ የሚሉ ወንዶች የሚያወሩት ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነው አለች። የተማረችው በእጅ ማርሽ ነው፣ ሁለት ዓመት በሱው ሠርታለች። ማታ ከመገናኛ ሜክሲኮ ስትደርስ ፍሪሲዮን ስትረግጥ የዋለው ግራ ጉልበቷ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። አውቶማቲክ ስትገዛ እግሯን ብቻ ሳይሆን ልቧንም አሳረፈች። እጇ መሪ ላይ፣ ዓይኗ እግረኛው ላይ ሆነ።

ከዚያ የማይመለስ ጥያቄ ወረወረች። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ገደል ከገቡት ከባድ መኪኖች ውስጥ አውቶማቲክ ስንቱ ነው? ሁሉም ማርሽ በሚያውቁ፣ በልምዳቸው በሚኩራሩ ወንዶች የተነዱ አይደሉም ወይ? እንቅልፍ፣ ጫት፣ ከልክ በላይ ጭነትና ጥድፊያ እያሉ ነገሩን ወደ ማርሽ መዘወር ለሷ ቀልድ ነው።

9.
እኔ ነኝ። እህቴ ብዬ ጀምሬ፣ የከተማ ውስጥ መንዳትን እንዳላነሳሁ፣ ሴት ወንድም እንዳላልኩ ጻፍኩ። ስለ እንቅልፉና ስለ ጭነቱ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ግን እንቅልፍ የሌለበት፣ ጫት ያልቃመ፣ አራት ሰው ብቻ የጫነ ጠንቃቃ ባለመኪናም ፍሬኑ ሊፈላበት ይችላል፣ ጥንቃቄው ራሱ ፍሬን ላይ ስለሚያስረግጠው። የኔ ጭንቀት ስለዚህ ሰው ነው። መልሳ፣ እንግዲያው ጽሑፍህን እንደዚህ ብለህ ብትጀምረው ምን ነበረበት አለችኝ።

10፣ 11 እና 12.
አንዱ ተነስቶ የጭነት መኪኖችን ቅጽል ስም መዘርዘር ጀመረ። አይሱዙው አልቃይዳ፣ ሲኖው ቀይ ሽብር። ሳቅ ሳቅ የሚል ምልክት ደረደረበት። ከሥሩ አንድ ሰው በሁለት መስመር ዝም አሰኘው። ወንድሙ በቀይ ሽብር ዘመን ከቤት ወጥቶ እንዳልተመለሰ፣ እናቱ እስኪሞቱ ድረስ በሩን እንዳልቆለፉ ጻፈ። ስሙን መኪና ላይ ስትለጥፉት የሚሰማውን የምታውቁ አይመስለኝም አለ። ቀላጁ ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አነሳ። ስሙ እንደሆን ከመንገድ ላይ አይነሳም፣ ሁሉም የሚለው ነው። ሰውየው ግን ልክ ነው።

13.
ክሩ ትንሽ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ሰው ስለ ግፊ ጻፈ። አባቱ ቮልስ ነበራቸው። ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፣ አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ ሁልጊዜ ለሌላ ነገር ይወጣል። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቮልሷን ይገፋል። አባቱ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ይጠብቃሉ። ፍጥነት ሲያገኙ ይለቃሉ፣ መኪናዋ ትንፈራገጣለች፣ ትነሳለች። ገፊው ሁሉ በጭስ ታጥኖ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሮጣል። በግፊ የማይነሳ መኪና ለሱ መኪና አይደለም። አውቶማቲኩን ሰፈር ሙሉ ሰው ቢገፋው ከቦታው ይነቃነቅ ይሆናል እንጂ አይነሳም።

ይህ መልስ ከሁሉም በላይ ተወደደ። እኔም ወደድኩት፣ ከጥያቄዬ ጋር ምን እንዳገናኘው ባይገባኝም።

14 እስከ 17.
አራቱም ስለ ቮልስ ናቸው፣ ባጭሩ ልለፋቸው። አንዱ ሞተሯ ከኋላ መሆኑን ሳያውቅ ኮፈኗን ከፍቶ ሞተር ተሰረቀ ብሎ የጮኸ ጎረቤት እንደነበራቸው አወራ። ሌላው ሰይቼንቶም ሞተሯ ከኋላ እንደነበር አስታወሰ። ሦስተኛው ቮልስ ውሃ ስለሌላት አባይ በረሃ ላይ አትፈላም፣ ስለዚህ ከሁሉም መኪና ትበልጣለች አለ። መካኒኩ እንደገና ብቅ ብሎ ውሃ ባይኖራትም እንደምትግል፣ የምትቀዘቅዘው በአየርና በሞተር ዘይቷ ስለሆነ በሚያዝያ ሙቀት ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ ቀበቶዋ የላላ እንደሆነ ሞተሯን እንደምታቃጥል አስረዳ። ቮልስ አፍቃሪው አልተዋጠለትም። ቮልስን የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት አሁን አየሁ።

18.
ስለ ዋጋ ነው። ዕድሜው ከሱ የሚበልጥ ቶዮታ ዲኤክስ ለምን አዲስ መኪና በሚገዛበት ዋጋ እንደሚሸጥ የጠየቀ ወጣት አለ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እንዳከበደው፣ ከ2016 በኋላ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል መግባቱ ስለቆመ አገር ውስጥ ያለው ብርቅ እንደሆነ ነገሩት። መለዋወጫው በየሱቁ መኖሩና የትም ገጠር የሚጠግነው መካኒክ መገኘቱም አለ። ወጣቱ አመስግኖ ባጃጅ እገዛለሁ ብሎ ሄደ። እሱም ቢሆን ርካሽ አይደለም።

19 እና 20.
አንዱ ቁጥር 6ን ሊደግፍ ፈልጎ፣ ድሮ እኛም አገር በግራ እንነዳ ነበር፣ ደርግ ነው ወደ ቀኝ የቀየረው ብሎ ጻፈ። እንዴት ከኮሎራዶ ወደዚህ እንደመጣ እሱ ይወቀው።

አባባ በልጅ ልጃቸው እጅ ወዲያው አረሙት። የተቀየረው በ1956 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን ነው። እሳቸው ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ሰዉ ቶሎ ለመደው፣ ያስቸገሩት የጋሪ ፈረሶች ነበሩ። ባለጋሪው ወደ ቀኝ ሲስብ ፈረሱ የለመደውን ግራ ይዞ ይሄዳል። ትራፊኩ የሚቆጣው ባለጋሪውን፣ ባለጋሪው የሚገርፈው ፈረሱን። እሳቸው እስከ ዛሬ መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ የሚያዩት የተሳሳተውን ጎን ነው፤ አሁን ደግሞ ሞተር ሳይክሉ በሁለቱም በኩል ስለሚመጣ ጠቀመኝ አሉ።

21.
የሚኒባስ ሹፌር ነኝ የሚል ሰው ሁላችንንም ሰደበ። ነዳጅ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ በማርሽ ውረድ የሚል ሰው ከኪሱ ነዳጅ ቀድቶ አያውቅም አለ። እሱ ቁልቁለት ሲያገኝ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ነው የሚለቀው። እስካሁን ምንም አልሆነም።

22.
ቁጥር 8 ቀደመችኝ። ተሳፋሪህ ይህን ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ታርጋህን ጻፍልንና እኛም እንወቅ አለችው። እሱ ሌላ ስድብ ጻፈ። እሱን አልጽፈውም።

23.
መካኒኩ ነው፣ ሳይቆጣ። ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የካርቡሬተር ዘመን ወሬ ነው። አሁን ያለው ኢንጀክሽን ሞተር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። እንግዲህ ወንድሜ ነዳጅም እየጨመርክ፣ ፍሬንም እየጨረስክ፣ ሰውም እያስፈራህ ነው አለው። ቁጥር 21 ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። ዜሮ ማርሹን ይተው አይተው እግዜር ይወቀው።

24 እስከ 26.
ስለ ድንጋይ ነው። አንዲት ሴት መኪና የተበላሸበት ሰው ጎማ ሥር ያስገባውን ድንጋይ አስፋልቱ መሀል ጥሎ ስለሚሄድበት ነገር በምሬት ጻፈች። ማታ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ከሷ በፊት የተበላሸ ሰው የተወው ድንጋይ ቸርኬዋን አጥፎታል። ሌላው ድንጋዩ ቀርቶ ቅጠሉን አነሳ፤ ቅጠል ተቆርጦ መንገድ ላይ ሲነጠፍ ከፊት የቆመ መኪና አለ ማለት ነው፣ መኪናው ተነስቶ ከሄደ በኋላም ቅጠሉ እዚያው ሲደርቅ ሁለተኛ ጊዜ ስናይ አናምነውም። ኮሎራዶ ያለው ሹፌር ይህን ሲያነብ አገሩ እንደናፈቀው ጻፈ። ድንጋይ የሚያስናፍቅ ስደት ምን ይባላል።

27.
አንድ ተማሪ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እየተማረ። ይህን ክር ካነበበ በኋላ አሰልጣኙን ቁልቁለት በማርሽ ልውረድ ብሎ እንደጠየቀው፣ አሰልጣኙም ፈተና ላይ አይመጣም ብሎ እንደመለሰለት ጻፈ። ትምህርት ቤቱን ስም ጠርቶ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አባባ ለልጁ መከሩት። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ እሑድ ማለዳ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ፍሬኑን ጨርሶ አይተው፣ ግን ተጭኖ እንዳይቆይ፤ ጠንከር አድርጎ ይንካውና ይልቀቀው፣ እንዲተነፍስ። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ያድርግ። ሞተሩ ከጮኸ ፈጥኗል፣ ፍሬን ይንካ። ካልጮኸ ልክ ነው።

28.
ቁጥር 3 ለፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ዳር ደርሶ ተመለሰ። ጉራው ቀንሷል፣ ወይም መንገዱ አድክሞታል። ጎሐ ጽዮን ላይ ቢ የሚለውን፣ መኪናውን በሞተሩ አጥብቆ የሚይዘውን፣ አስገብቶ እንደወረደ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ባትሪው እንዳለው ጨምሮ እንዳገኘው ነገረን። አንድ ጊዜ ብቻ ከፊቱ የነበረ ከባድ መኪና ድንገት ሲቆም ፍሬኑን አጥብቆ እንደረገጠ፣ ፔዳሉ ትንሽ ለስልሶ እንደተሰማው ጻፈ። ቁጥር 4 ይህችን ቃል አልለቀቃትም፣ ሁለቱ እንደገና ጀመሩ።

29.
መካኒኩ በመሀል ገብቶ፣ መኪናው ያገለገለ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ቁጥር 3ን ጠየቀው።

30.
ቁጥር 3፣ የኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ዘይት አለው እንዴ ብሎ ጠየቀ።

31.
መካኒኩ አለው ብሎ መለሰ። ቀጥሎም ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ጋራዡ ክፍት መሆኑን ጻፈለት።